የእትዬ ሌባ ጣት

እሑድ፤ ከቀዶ ጥገናው 3ኛ ቀን

ደብተሩ የታላቅ እህቴ፣ የእትዬ ነው። ትናንት ከሆስፒታል ስንወጣ ፊዚዮቴራፒስቷ ሰጠችንና፣ "በየሰዓቱ የሠሩትን መዝግቡ፤ ቀኑንም ከቀዶ ጥገናው ጀምራችሁ ቁጠሩ" አለች። እትዬ በቀኝ እጇ መጻፍ ስለማትችል ጸሐፊነቱ ለእኔ ደረሰኝ። ከፊት በኩል ሠንጠረዥ አሰመርኩላት። ከኋላ ሽፋኑ ጀምሬ ደግሞ የራሴን እጽፋለሁ። እሷ የእኔን የእጅ ጽሑፍ ማንበብ አትወድም፤ እማዬ መነጽሯ ሁልጊዜ የጠፋ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ረቡዕ ከሰዓት እትዬ ብርጭቆ ስታጥብ እጇ ውስጥ ተሰበረ። ከሌባ ጣቷና ከመሃል ጣቷ ሥር፣ መዳፏ ላይ፣ ከክብሪት እንጨት የማትረዝም ቁስል። ደሙ ሲቆም ተገላገልን ብለን ነበር። ሆስፒታል "እጅዎን ይጨብጡ" ሲሏት ሁለቱ ጣቶች ቀጥ ብለው ቀሩ። ጅማታቸው ተቆርጧል። ሐሙስ ጠዋት ሰፉላት።

ልብስ ሰፊ አይደለች፣ ቀዶ ሐኪሙን "በምን ዓይነት ስፌት ነው የሰፉኝ?" ብላ ጠየቀችው። ሰውየውም ደስ ብሎት በወረቀት ላይ ሣለላት። አየችና "ይሄ ክብደት አይችልም" አለችው። "አይችልም። ለዚህ ነው ስድስት ሳምንት ምንም ነገር እንዳይጨብጡ የምልዎት" አላት። ሁለት ባለሙያዎች ስለ አንድ ሸሚዝ የሚያወሩ ነበር የሚመስሉት።


ሰኞ፤ 4ኛ ቀን

ቸኩያለሁ። የምጽፈው የሬዲዮ ድራማ አዘጋጅ ሦስት ጊዜ ደወለ። የእሑዱ ክፍል አልተጻፈም። እትዬን ፊቷን አጠብኩ፣ ፀጉሯን አሰርኩ (ክፉኛ)፣ ዳቦ ቆረስኩ።

የድራማዬ መካኒክ እጁን እንዲጎዳ አደረግሁት። ሌላ ምንም አልመጣልኝም። ጅማት፣ ሌባ ጣት፣ ሁሉንም።


ሐሙስ፤ 7ኛ ቀን

ፊዚዮቴራፒስቷን እትዬ "ሳጅኗ" ብላ ሰይማታለች። ገና ልጅ ነች፤ ድምጿ ግን አያስቀምጥም። የእትዬን እጅ ድጋፍ አየችው። ከክንዷ እስከ ጣቶቿ ጫፍ በእጇ ጀርባ በኩል የሚሄድ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ጣቶቿን ወደ መዳፏ ጎንበስ አድርጎ ይይዛቸዋል። "ይሄ ቀን ከሌት አይወልቅም" አለች።

ሥራው ይሄ ነው። በየሰዓቱ በግራ እጇ የቀኝ ጣቶቿን ቀስ አድርጋ ታጥፋቸዋለች። ከዚያ ግራ እጇን ትለቅና ጣቶቹ በራሳቸው፣ ያለ ጉልበት፣ እንደታጠፉ ለአፍታ ይቆያሉ። ከቆዩ ስፌቱ ይዟል ማለት ነው። እኔ ሠንጠረዡ ላይ "ቆየ" በሚለው ሥር ምልክት አደርጋለሁ። ዛሬ አሥሩንም ጊዜ ቆዩ።

"ሌባው እጅ ከፍንጅ ተይዞ ታስሯል" አለች እትዬ ሌባ ጣቷን እያየች። "ስድስት ሳምንት ተፈርዶበታል።"

ሳጅኗ ሳቀች። "አመክሮ የለውም" አለቻት።


ቅዳሜ፤ 9ኛ ቀን

አዘጋጁ መካኒኩን ወዶታል። ችግሩ ሠርጉ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ እሑድ መካኒኩ ያገባል፤ ማስታወቂያው ሁሉ ተሠርቷል። "ሙሽራ በፋሻ አይዳርም፤ በሁለት ክፍል አድንልኝ" አለኝ። ስድስት ሳምንት ነው ብዬ ነገርኩት። "ወንድሜ፣ አድማጭ ስድስት ሳምንት ቁጭ ብሎ ፋሻ አይሰማም። ስቃዩን አምጣልኝ፣ ከዚያ ድሉን።"

ስቃዩን ፍለጋ ወደ እትዬ ሄድኩ። ሕመሙ ምን ይመስላል አልኳት።

"ሕመሙማ እምብዛም ነው። ያሳክከኛል።"

"ሌላስ?"

"ላብ ላብ ይሸተኛል፣ ድጋፉ ውስጥ። ደግሞ መጸዳጃ ቤት እማዬን መጥራት። አርባ ሰባት ዓመቴ ነው።" ከዚያ፣ "ይሄንን ለመካኒክህ ልትሰጠው ነው?" አለችኝ።

አይሆንም። ማሳከክ በሬዲዮ አይሰማም።


ማክሰኞ፤ 12ኛ ቀን

እማዬ ጠዋት ስታጉረመርም ሰማኋት። "ብርጭቆ ማጠብ ምን ያጣድፋል? ይህቺ ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እጇ አያርፍም።" እትዬ ሰምታለች። እጇ ባያርፍ ነው እኔ የተማርኩት። ይሄን ለእማዬ ልላት ሳስብ ስልክ ተደወለ።

የስፌት መኪናዋን ጨርቅ አልብሳዋለች። ደንበኞቿ በር ላይ ይመጣሉ፤ "ወር ከግማሽ" ትላቸዋለች። አንዷ ጨርቋን ይዛ ተመለሰች። እትዬ በመስኮት እስክትርቅ ድረስ አየቻት።


እሑድ፤ 17ኛ ቀን

ድራማውን አብረን ሰማነው። መካኒኩ ሲያቃስት እማዬ ጉንጯን በእጇ ይዛ ቆየች። እትዬ ግን ሳቀች።

"ሰውዬው ብቻውን የሚኖር አይደል? ሱሪውን ማን ይቆልፍለታል?"

"ድራማ ነው፣ እትዬ።"

"እሺ፣ ድራማ ነው። ግን ማን ይቆልፍለታል?"

ተናደድኩ፤ ትክክል ስለሆነች ነው። ይሄን ሰው እንዴት በአንድ ክፍል እንደማድነው አላውቅም። የድምፅ ባለሙያው አንድ ነገር ነግሮኛል፤ በፊልም ላይ የተጎዱ ሰዎች የጎማ ኳስ ይጨብጣሉ። እየጨበጡ፣ እያቃሰቱ ይድናሉ። ኳሱም ድምፅ አለው አለኝ። ነገ እገዛለሁ።


ማክሰኞ፤ 19ኛ ቀን

የኳሱን ትዕይንት ጽፌ ጨረስኩ። ጥሩ ሆኗል። እትዬ ረድታኛለች።

ከሰዓት በኋላ ሌባ ጣቷ ትንሽ ሰነፈ። ድካም ነው።

ሠንጠረዡን ሞላሁ።


ረቡዕ፤ 20ኛ ቀን

አዘጋጁ ደወለ። "ተራኪው ፊቱን የሚገልጽበት ቦታ አንጀቴን በላኝ፤ ከየት አመጣኸው?" አለኝ። ከየትም አልኩት።

ጣቷ ዛሬም ሰንፏል። ግራ እጇ ሲለቀው ቀጥ ይላል። መሃል ጣቷ ደህና ነው። አንዱ ደህና ከሆነ ሌላውም ይመለሳል። አበጥ ብሏል እንጂ ሌላ ምልክት የለውም። ድካም ያሳብጣል።

ምልክት አደረግሁ። እትዬ እያየችኝ ነበር።


ሐሙስ፤ 21ኛ ቀን

የሳጅኗ ቀጠሮ ቀረ። እትዬ ናት መቅረት የፈለገችው፤ ቢያንስ እንሂድ አላለችም። ደውዬ ጉንፋን ይዟታል አልኩ። ለሳምንት ቀጠሩን። እስከዚያ ያርፋል።

እማዬ ስልኩን ሰምታ "የታል ጉንፋኑ?" አለች። እትዬ አስነጠሰች፤ በደንብ አድርጋ። ሁለታችንም አልሳቅንም።


እሑድ፤ 24ኛ ቀን

የኳሱ ክፍል ተላለፈ። መካኒኩ ኳሱን ጨበጠ፣ ጮኸ፣ እንደገና ጨበጠ፣ ጣቱ ታጠፈ። ሙዚቃ። እማዬ አለቀሰች። "አየሽ፣ ሰው ከጠነከረ ይድናል" አለቻት እትዬን።

እትዬ ተነሥታ ወደ ስፌት መኪናዋ ሄደች። ጨርቁን ገልጣ፣ ግራ እጇን መኪናው ላይ አሳርፋ ቆመች።

ከአድማጭ ብዙ መልእክት መጣ። ሁሉንም አላነበብኩም።


ሐሙስ፤ 28ኛ ቀን

ዛሬ ሄድን።

ሳጅኗ ድጋፉን ፈታች። ጣቶቿን አጠፈችና ለቀቀች። መሃል ጣቷ ቆየ። ሌባ ጣቷ ወዲያው ቀጥ አለ። እንደገና ሞከረች። እንደገና። ከዚያ የእትዬን መዳፍ በአውራ ጣቷ ስትዳብስ የሳጅኗ ፊት ተለወጠ።

"ይሄ መቼ ጀመረው?"

እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ሳጅኗ እጇን ዘረጋችና ደብተሩን ወሰደች። የፊቱን ገጽ ከፈተች። በሃያኛው ቀን "ቆየ"። በሃያ አንደኛው "ቆየ"። እስከ ትናንት ድረስ አንድም ያልተዘለለ፣ በደንብ የተሠራ ምልክት። የእኔ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ አምሮ አያውቅም።

እትዬ ደብተሩን አየች፤ ከዚያ እኔን። "ትናንት" አለች። "ትናንት ማታ ነው ድንገት የለቀቀው።"

ሳጅኗ ስልክ አነሣችና ለቀዶ ሐኪሙ ደወለች። "ትናንት ነው፤ ገና ትኩስ ነው" ስትል ሰማኋት። ድጋፉን መልሳ እያሰረች፣ ለማጽናናት ይመስለኛል፣ ወሬ ጀመረች። "እርስዎስ ደህና ነዎት፤ ራስዎን አልጎዱም። በዚህ ሳምንት ሁለት ሰዎች ኳስ ይዘው መጡብኝ። የሆነ የሬዲዮ ድራማ ላይ ሰምተው ነው አሉ። የጻፈውን ሰው ባገኘው!"

እትዬ ጣሪያውን አየች። እኔ ጫማዬን አየሁ።


ዓርብ፤ 29ኛ ቀን

ቀዶ ሐኪሙ ሰኞ ሊከፍተው ወሰነ። ረቡዕ ማታ ከሆነ፣ አለ፣ የተበጠሰው ጫፍ ሩቅ አልሸሸም፤ መልሶ መስፋት ይቻላል። ሳምንትና ከዚያ በላይ ቢቆይ ኖሮ ጫፉ ወደ ክንድ ይሸሻል፣ ይኮማተራል፣ መንገዱም በጠባሳ ይዘጋል። ያን ጊዜ ሥራው ሌላ ነው። መጀመሪያ መንገዱን ክፍት የሚያደርግ ለስላሳ ዘንግ ይገባል፣ ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ከሌላ ቦታ ጅማት ተወስዶ ይተከላል። "ደግነቱ ቶሎ መጡ" አላት።

እትዬ "እግዜር ይስጥልኝ" አለችው። ወዲያው አንድ ጥያቄ ጠየቀችው። "በሁለተኛው መንገድ ቢሆን ኖሮ፣ መቀስ እይዝ ነበር?"

"ምናልባት። ግን ዓመት ያህል ይፈጃል፤ እንደ ድሮውም አይሆንም።"

ቤት ስንገባ እማዬ ጀመረች። "ምን አንሥተሽ ነው? ንገሪኝ፣ ምን አንሥተሽ ነው? አንቺ እኮ አርፈሽ መቀመጥ አታውቂም። ወንድምሽ ሥራውን ጥሎ ያስታምምሻል፣ አንቺ ትበጥሺዋለሽ።" እኔ ሻይ እየጠጣሁ ነበር።


ቅዳሜ፤ 30ኛ ቀን፤ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለቱም ተኝተዋል

ማክሰኞን እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ፣ ትዕይንቱ አልሄድልህ አለኝ። ሰው ኳስ ሲጨብጥ ፊቱ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ራሴን በመስታወት እያየሁ ሞከርኩ፤ ደህና እጅ ምንም አይናገርም። ኳሱን ይዤ ወደ እትዬ ሄድኩ።

"ድጋፉን ለአንድ ደቂቃ ብናወልቀው" አልኳት።

"ሳጅኗ ትሰቅለኛለች።"

"ማን ይነግራታል? ለማየት ብቻ ነው። ፊትሽን ልየው።"

እምቢ አላለችኝም። መቼ እምቢ ብላኝ ታውቃለች? ማሰሪያውን የፈታሁት እኔ ነኝ። ኳሱን መዳፏ ላይ ያስቀመጥኩትም እኔ ነኝ። ቀስ ብላ ያዘችው፤ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። "ጨመር አድርጊ" አልኳት። ጨመረች። ከንፈሯን ነከሰች፤ ይሄ ጥሩ ነበር፣ ጻፍኩት። "ትንሽ ብቻ፣ ትንሽ ጨምሪ።"

ጧ አለ። ከእሷ ወንበር እኔ እስከተቀመጥኩበት ተሰማ። ኳሱ ወለሉ ላይ ወድቆ ከአልጋው ሥር ገባ።

እትዬ አልጮኸችም። እጇን አየች፤ ጣቷን ለማጠፍ ሞከረች። "ተበጠሰ" አለች። መኪናው ላይ ክር ሲበጠስባት በምትናገርበት ድምፅ።

"አይደለም፤ ድካም ነው" አልኳት።

ከዚያ ያደረግሁትን መጻፍ ይከብደኛል። ድጋፉን መልሼ ካሰርኩላት በኋላ ክፍሌ ገብቼ፣ ሳይጠፋብኝ፣ ፊቷን ጻፍኩት። መጀመሪያ ቅንድቧ ከፍ ማለቱን፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ቀስ ብሎ መውረዱን። የአዘጋጁን አንጀት የበላው እሱ ነው። በድራማው ውስጥ ግን ጅማቱ አልተበጠሰም።

ሁለት ቀን ቆይቶ ቀጠሮው ሲደርስ "ብንቀርስ?" ያልኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን ብንሄድ መልሰው ይሰፉት ነበር። ሐኪሙ ራሱ ነው ያለው።

"ትናንት" ያለችው ለምን እንደሆነ ሁለት ቀን አሰብኩ። የእኔ ምልክቶች እስከ ረቡዕ ድረስ ስለሚሄዱ ነው። ውሸቴ እንዳይፈርስ እሷ ከውሸቴ ጋር ተስማማች። ሰኞ ሐኪሙ በአምስት ቀን ቁስል ተዘጋጅቶ የአሥራ ሦስት ቀን ቁስል ይከፍታል። እሷም፣ ብትጠረጥርም፣ ስትነቃ የተሰፋ ጣት ተስፋ ታደርጋለች።


ሰኞ፤ 32ኛ ቀን

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ቀዶ ሐኪሙን በኮሪደሩ አስቆምኩት። "የተበጠሰው ረቡዕ አይደለም፤ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ነው" አልኩት። "ሠንጠረዡን የሞላሁት እኔ ነኝ። ያስጨበጥኳትም እኔ ነኝ።"

ቁጣ ጠብቄ ነበር። እሱ ሰዓቱን አየና ወደ ነርሷ ዞሮ "ዘንጉን አዘጋጁ፤ የፈቃድ ወረቀቱ ይቀየር" አላት። ከዚያ ወደ እኔ። "እሷ ታውቃለች?"

"ምኑን?"

"መስፋት እንደማይቻል። ሁለት ቀዶ ጥገና እንደሆነ።"

ጠርጥራ ይሆናል፤ በግልጽ የነገራት ግን የለም። ወደ እሷ ገብቶ በሩን ዘጋው። ውጭ ቆሜ ድምፁን ብቻ ሰማሁ። የእሷን አልሰማሁም። ሲያወጧት አላየችኝም።

ዘንጉ ገባ። ጫፉ ተኮማትሮ ክንዷ አጠገብ አገኙት። ሌላው ከሦስት ወር በኋላ።

ሳጅኗን ፈልጌ ድራማውን የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት። "አንደኛው ኳሱን ትቷል" አለች። "ሌላኛው ከዚያ ወዲህ አልመጣም፤ ስልኩንም አያነሣም።"

የሠርጉ ክፍል ትናንት በሬዲዮ ተላልፏል። አልሰማሁትም።


ረቡዕ፤ 34ኛ ቀን

አዘጋጁን ሁለት ነገር ጠየቅሁት። ከሚመጣው ክፍል በፊት ሁለት ዓረፍተ ነገር ይነበብ፤ ጅማቱ የተሰፋ ሰው ሐኪሙ ሳይፈቅድ ኳስ እንዳይጨብጥ። ሁለተኛ፣ የመካኒኩ ጣት ከዚህ በኋላ አይታጠፍም።

ስለ መጀመሪያው ተከራከረ፤ ድራማውን ትምህርት አታድርግብኝ አለ። ሳይነበብ ቀጣዩን ክፍል እንደማልሰጠው ስነግረው እሺ አለ። ሁለተኛውን ወደደው። "ከሠርጉ ማግስት? ግሩም ነው። ትዳር ያለ ችግር ማን ይሰማዋል?" አለ። ስልኩን ዘጋሁት።


ዓርብ፤ 36ኛ ቀን

እትዬ ትናንት ቤት ገባች። ዛሬ ቁርስ ላይ እማዬ ገና "ይህቺ እጇ የማያርፍ" ስትል፣ "እማዬ፣ እኔ ነኝ" አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት። ማክሰኞን፣ ምልክቶቹን፣ ጉንፋኑን።

እማዬ ሲኒዋን አስቀመጠች።

"እሷን ስሰድብ" አለችኝ፣ "አንተ እዚህ ተቀምጠህ ሻይ ትጠጣ ነበር።"

ተነሥታ እትዬ ወደተኛችበት ክፍል ገባች። የሰማሁት የእማዬን ድምፅ ብቻ ነው፤ "ይቅር በይኝ ልጄ፣ ይቅር በይኝ ልጄ" ይላል። እናቴ ይቅርታ ስትጠይቅ ሰምቼ አላውቅም ነበር። መጠየቅ የነበረባትም እሷ አልነበረችም።


እሑድ፤ 38ኛ ቀን

ማሳሰቢያው ተነበበ፤ በጣም ፈጥኖ፣ ግን ተነበበ። እትዬ አልሰማችውም፤ ሬዲዮኑ ሲከፈት ከክፍሉ ወጣች።

ተከትያት ሄድኩ። ይቅርታ ጠየቅኋት። ብዙ አዘጋጅቼ ነበር፤ ደራሲ ነኝ። የወጣው ግን "ይቅርታ እትዬ" ብቻ ነው።

"ኳሱን እተውልሃለሁ" አለችኝ። "ማንም ይሳሳታል፤ እኔም እምቢ ማለት ነበረብኝ። ተበጠሰ ስልህ 'አይደለም' ያልከኝን ግን አልተውኩትም። ሠላሳ ዓመት የሰፋሁ ሰው ክር ሲበጠስ አላውቅም?" ከዚያ፣ "ደግሞ ከዚያ ድራማ ውስጥ እጄን አውጣልኝ" አለችኝ።

አወጣለሁ አልኳት። እንዴት እንደማወጣው አላውቅም። የመካኒኩ ጣት ያለ እሷ ጣት ምንም አይደለም።


ሐሙስ፤ ከሁለተኛው ቀዶ ጥገና 10ኛ ቀን

ቁጥሩ እንደ አዲስ ጀምሯል።

ሳጅኗ ቤታችን ድረስ መጣች። አሁን ሌባ ጣቷ በራሱ አይሠራም፤ ውስጡ ያለው ዘንግ ነው። መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ ግን ሰው በቀን ብዙ ጊዜ፣ አሥር አሥር ጊዜ፣ ቀስ አድርጎ ማጠፍና መዘርጋት አለበት። ግራ እጇ ብቻውን ይደክመዋል። "ከእናንተ ማን ያግዛቸዋል?" አለች።

እጄን ዘረጋሁ።

እትዬ እጇን አላነሣችም። "እማዬ ትሠራዋለች" አለች። እማዬ መነጽሯን ፈልጋ አድርጋ መጣችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሳጅኗ አሳየቻት፤ እንዲህ፣ ቀስ፣ እስከዚህ ብቻ። እማዬ የልጇን ጣት በሁለት ጣቷ ያዘች።

ልወጣ ስል "አንተ ቁጠር" አለች እትዬ።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አንድ አልኩ። እማዬ አጠፈችው፣ ዘረጋችው። ሁለት አልኩ።

"ጮክ በል" አለች እትዬ። ዓይኗ ጣቷ ላይ ነው። "የምትቆጥረውን ልስማው።"

ጮክ ብዬ ቆጠርኩ።